ከጨረቃ አይታይም

ቦልቴ ነጩን ጨርቅ በደንበኛው አንገት ላይ ካሰረ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል። በሁለት ጣቱ አገጩን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና ያደርገዋል፤ የሰውየው ዓይን መስታወቱ ውስጥ ከእሱ ዓይን ጋር እስኪገናኝ ድረስ። ከዚያ ምላጩን ያነሳና «ይህን ታውቃለህ?» ይላል።

ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው አይከራከርም። ቦልቴም ይህን ያውቃል።

«ይህን ታውቃለህ? የባሕር ፈረስ የሚባል ዓሣ አለ። የሚያረግዘው ወንዱ ነው።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባጃጅ ነጂው ይልቃል ነው። ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ «ጋሼ ቦልቴ፣ በጠዋቱ ምን በደልኩህ?» አለ።

«እውነቱን ነው የነገርኩህ።»

«ሚስቱስ ምን ትሠራለች?»

«እንቁላሏን ሆዱ ላይ ባለው ከረጢት ታስቀምጥና መንገዷን ትሄዳለች።»

«ወይኔ! ይህን ባለቤቴ እንዳትሰማ።»

«አትሳቅ፤ እቆርጥሃለሁ።»

ጸጉር ቤቱ ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ዳሞታ ተራራ ሙሉ በሙሉ መስታወቱ ውስጥ ይገባል፤ የሚላጨው ሰው ተራራውን ከጆሮው ጀርባ ያየዋል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ዓለም አንድ ነገር ሳይሰማ አይነሳም። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳላት፣ ደሟም ሰማያዊ እንደሆነ። አውስትራሊያ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ፋንድያ የሚጥል እንስሳ እንዳለ። የስኮትላንድ ብሔራዊ እንስሳ ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያለው፣ በምድር ላይ ግን ኖሮ የማያውቅ ፈረስ እንደሆነ። «የሌለ እንስሳ!» ይላል ቦልቴ እየተናደደ፤ ስኮትላንዶች በግል የበደሉት ይመስል።

ይህን ብቻ ቢያደርግ ኖሮ ሰው ይወደው ነበር። ቦልቴ ግን የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ማለፍ አይችልም። አንድ ሰባኪ ችግርን የሚሸሽ ሰው ራሷን አሸዋ ውስጥ እንደምትቀብር ሰጎን ነው ብሎ ሲያስተምር ሰማና፣ ሕዝቡ ሲወጣ በር ላይ ጠብቆ «ሰጎን ራሷን አትቀብርም» አለው፤ ምዕመናን እጁን ሊጨብጡ ተሰልፈው ሳለ። ሌላ ቀን ሁለት ሴቶች ከጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት ተጣሉ። አንደኛዋ «አንቺ እንደ ሌሊት ወፍ የታወርሽ!» ብላ ሌላይቱን ስትሰድብ፣ ቦልቴ ማበጠሪያ እንደያዘ ብቅ ብሎ «የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም፤ ታያለች» አለ። ሁለቱም ጠባቸውን ትተው እሱን ሲሰድቡ ዋሉ።

ይህ ጠባይ እንዲሁ አልመጣም። ቦልቴ የተወለደው ሁምቦ ቆላ ውስጥ ነው። ልጅ ሳለ የአባቱ በሬ ታመመ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሁሉም መድኃኒቱን ያውቅ ነበር። ትንባሆ በጨው ዘፍዝፋችሁ አጠጡት፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ አሉ። አጠጡት። በሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ጎረቤቶቹም በሬውን ቀብረው፣ አፈሩን ከእጃቸው አራግፈው፣ ቀኑ ደርሶ ነው ብለው ሄዱ። አባቱ ከዚያ በኋላ የሰው በሬ እየለመነ አረሰ፤ ቦልቴም ትምህርቱን አቋርጦ ሶዶ ወጣና ጸጉር መቁረጥ ተማረ። «ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው በሬያችንን የገደለው» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ለእሱ ጠላት ነው። መጀመሪያ በሬዲዮ፣ በኋላ በስልኩ፣ ወሬውን ሁሉ እየፈተነ ያጣራል። ከሁለት ቦታ ያልሰማውን አያወራም።

ጌታነህን የገጠመው በዚህ ጠባዩ ነው።

ጌታነህ ከቦልቴ ፊት ለፊት የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ድምፁ እንደሚጎተት ጎማ የሚያጉረመርም፣ በሰው ፊት መናገር ግን የሚፈራ ሰው ነው። የመንደሩ የበሬ ማኅበር ሰብሳቢም እሱ ነው። የመንገዱ ነጋዴዎች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅሙና ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አንድ በሬ ገዝተው ይቃረጣሉ። በዚያ ቅርጫ መደብ የሌለው ሰው በመንገዱ ላይ ሱቅ ይኑረው እንጂ ሰው የለውም ማለት ነው።

ሁለቱ ድሮ ወዳጆች ነበሩ። እንዲያውም የጌታነህ ልጅ ሜላት የተመረቀች ቀን ጠዋት የአባቷን ጢም የላጨው ቦልቴ ነው። ጌታነህ በዚያን ቀን ወንበሩ ላይ ሆኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ነበር፤ ለከሰዓቱ ንግግር እየተለማመደ። ምን እንደሚናገር ግን ለማንም አልነገረም።

ከሰዓት በኋላ የድግሱ ድንኳን ሞላ። ሜላት ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ መሐል ተቀመጠች። ጌታነህ ማይኩን በሁለት እጁ እንደ ባጃጅ መሪ ጨብጦ ቆመ፤ ላቡ አዲስ በተላጨው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ልጄ ጂኦግራፊ ነው የተማረችው» አለ። «እኔ ጂኦግራፊ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የሰው ልጅ በምድር ላይ ከሠራው ሁሉ፣ ጨረቃ ላይ ቆሞ ለሚያይ የሚታየው የቻይና ግንብ ብቻ ነው። ሜላትም ለእኔ እንደዚያ ናት። የትም ብሆን ትታየኛለች።»

ሴቶች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«አይታይም!»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው። ቦልቴ ሥጋ ጎርሶ ነበር፤ የጎረሰውን እንኳ አልዋጠም። «ከጨረቃ የቻይና ግንብ አይታይም! ርዝመት አለው እንጂ ስፋት የለውም!»

እልልታው ከአፍ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ድንኳኑ ሁሉ። ጌታነህ ማይኩን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ትንፋሹ ብቻ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። የቀረውን ንግግር ረሳው። ሜላት የምረቃ ቆቧን ወደ ዓይኗ ሳበች።

በማግስቱ ባጃጅ ነጂዎቹ ጌታነህ ሲያልፍ «አይታይም!» ማለት ጀመሩ። ተሳፋሪ ሲያጡ «አይታይም!» ኳስ ግብ ሲስት «አይታይም!» ቃሉ የመንገዱ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ጌታነህም ጦርነቱን ከፈተ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ጸጉር ቤቱ አዙሮ የቦልቴ ደንበኛ የማሽኑን ድምፅ እንኳ እስከማይሰማ ድረስ ያስጮኸዋል። ሱቁን ሲጠርግ አቧራውን ወደ ማዶ ይገፋል። ጢሙን ሊላጭ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ሲመለስም ቦልቴ እንዲያየው ጉንጩን እየዳሰሰ ያልፋል። ቦልቴ ደግሞ ከጨረቃ ላይ የተነሳ የምድር ፎቶ አግኝቶ በትልቁ አሳተመና በበሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጌታነህ ሱቅ አድርጎ ሰቀለው። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ግንቡን ፈልግ» ብሎ ጻፈበት።

እንዲህ እየተባባሉ ዓመቱ ሊሞላ፣ ጊፋታም ሊደርስ ተቃረበ። ጌታነህም ማኅበረተኛውን ሰብስቦ፣ «ቦልቴ ያዋጣው ይመለስለት። እሱ ባለበት በሬ እኔ ቢላ አላነሳም» አለ።

ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር በወላይታ ነውር ነው። ስለዚህ ሽምግልና ተጀመረ። ሽማግሌው ጋሽ ኤልሳዕ ናቸው፤ በመንገዱ ላይ ከሁሉም ቀድመው ሱቅ የከፈቱ ልብስ ሰፊ። ሁለቱን ከሲንገር መስፊያ መኪናቸው ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው።

«ምን ትፈልጋለህ፣ ጌታነህ? ካሳ ነው?»

«ካሳ አልፈልግም። ይቅርታም አልፈልግም። በሬው ሲታረድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቁምና ‹ከጨረቃ ይታያል› ይበል። በአፉ አፈረሰኝ፤ በአፉ ይመልሰኝ። አለቀ።»

«ይኼማ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ኤልሳዕ። «ቦልቴ፣ በል።»

«አይታይማ!»

«ጨረቃ ላይ ሄደህ ታውቃለህ?»

«የሄዱት ተናግረዋል።»

«እነሱ ቸኩለው ይሆናል።»

«ጋሽ ኤልሳዕ፣ ከጨረቃ ይልቅ ለምድር በጣም ቀርቦ የበረረ የቻይና ጠፈርተኛ ራሱ አላየሁትም ብሏል። የገዛ አገሩን ግንብ! እርስዎ ከዳሞታ ጫፍ ቆመው እዚህ መሬት ላይ የወደቀ ክር ይታይዎታል?»

ጋሽ ኤልሳዕ ወለሉን አዩ። «ክሩ ምን ቀለም ነው?»

ጌታነህ ተነስቶ መቀመጫውን በእግሩ ገፋ። «አያችሁት? ይህ ሰው በጉሮሮው ቢላ ቢያደርጉበት እንኳ ቢላውን ያርማል። ብቻውን ይብላ!»

ከዚያ ቀን በኋላ የመንገዱ ሰው ሁሉ የጌታነህን ወገን ያዘ። ማንም ግንቡ ይታያል ብሎ አይደለም። እያንዳንዱ ቦልቴ ያረመበት ቀን ነበረው። ሰጎኗን ያነሳ አለ፤ የሌሊት ወፏን ያነሳ አለ። ሁለቱ የተጣሉት ሴቶች እንኳ አብረው መጥተው ለጌታነህ መሰከሩ። ደንበኛ ሳሳ። ቦልቴ ምላጩን ስሎ ባዶ ወንበር ያያል።

ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ሰገነት ትጠብቀዋለች።

«የጨረቃ ጠበቃ መጣ!» ትላለች። «ጨረቃ በስንት ቀጠረችህ?»

«ሰገነት፣ ውሸት በል እያሉኝ ነው።»

«ትላለህ! ሰው ስንት ውሸት ይዋሻል። በየቀኑ የሰው ራስ ተላጭቶ ድንች ሲመስል ‹አማረብህ› ትል የለ?»

ቦልቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ቅቤውን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት ለምን ነው? ለእንሰቱ ሙቿ ብቻ? የጊፋታ ዕለት በፌስታል ሥጋ ከልኳንዳ ይዘህ ልትገባ ነው? ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ይየን? ከምትገባ እዚያው ጨረቃ ጋ እደር!» የእንሰቱን ቂጣ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችለት፤ የሚያቃጥለውን ማባያ፣ ዳጣውን፣ ግን ከፊቱ አነሳችበት።

ቦልቴ ያለ ዳጣ በላ። «አልላቸውም» አለ በሆዱ። አባቱ የተለመነ በሬ ከኋላ ሲከተል፣ ዕርፉን ሲይዝ እያፈረ፣ ይታየዋል። አንዴ ሁሉም እንዳለው ሆነ፤ ሁለተኛ አይሆንም።

በሬው ሊገዛ በተቃረበበት ሳምንት አንድ ጠዋት የጸጉር ቤቱ በር ተከፈተ። ቦልቴ ደንበኛ መስሎት ጨርቁን አራገፈ። ሜላት ናት። ሳትጋበዝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መስታወቱ ውስጥ አየችው። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ አላገኘችም፤ ብዙ ጊዜ አባቷ ሱቅ ውስጥ ፍሬንና ኬብል መሐል ተቀምጣ ታነባለች።

«ጨርቁን ይተዉት፣ ጋሼ ቦልቴ። ልቆረጥ አልመጣሁም።»

ቦልቴ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«ይህን ያውቃሉ?» አለች። የእሱን ድምፅ አስመስላ አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው። «እኔም እንደማይታይ አውቅ ነበር።»

«ምኑ?»

«ግንቡ። ጂኦግራፊ የተማርኩት እኔ ነኝ እኮ። አባቴ ያን ሳምንት መጋዘን ውስጥ ሆኖ ለጎማዎቹ ሲናገር እሰማው ነበር። በእያንዳንዱ ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። ላርመው እችል ነበር፤ ዝም አልኩ። ያኔ ስለ ግንብ አልነበረም የሚያወራው።»

ቦልቴ ምላጩን ከመስታወቱ ሥር አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቦዲቲ ለሥራ ፈተና ሄድኩ» አለች። «ስሜን ስናገር አንዱ ፈታኝ ሳቀ። ‹አይታይም የተባለችው ልጅ አንቺ ነሽ?› አለኝ። አራት ዓመት ተማርኩ፤ ሰው የያዘልኝ የእርስዎን አንድ ቃል ነው።»

«እውነት ግን እውነት ነው፣ ልጄ።»

«ነው። እንግዲህ እውነት በሬ ይረድልዎ።» ተነሳች። ነጠላዋ ላይ ምንም ጸጉር አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አራገፈችው።

በሩ ጋ ስትደርስ ቦልቴ፣ «አባትሽስ? አሁንም ይታያል ብሎ ነው የሚያምነው?» አላት።

«እሱን ራሱን ይጠይቁት» ብላ ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት ይልቃል ሊላጭ ገባ። ቦልቴ ጨርቁን አሰረለት፤ አገጩን ቀና አደረገው፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምንም አላለም። ምላጩን አነሳና ላጨው። ይልቃል ጨርሶ ሲነሳ ጉንጩን እየደባበሰ፣ «ዛሬ ዓለም ላይ ምንም አልተፈጠረም?» አለ።

«አንተ ተሳፋሪህን ጫን።»

ጊፋታ ደረሰ። በሬው በዳሞታ ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ታረደ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ተከፋፈለ፤ ዕጣ ወጣ። ከመደቦቹ አንዱ የቦልቴ ነበር። በቅጠሉ ጠቅልሎ፣ በፌስታል ሳይሆን በክንዱ ታቅፎ፣ በዋናው መንገድ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደ ቤቱ ሄደ። ሰገነት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሥጋውን ተቀበለችና አገላብጣ አየችው።

«ጨረቃዋ ጎድን ነው የሰጠችህ» አለች። ዳጣውን ግን መለሰችለት።

ዛሬም ሁለቱ ሱቆች ይፋጠጣሉ። ጌታነህ አሁንም አቧራውን ወደ ማዶ ይጠርጋል፤ ድምፅ ማጉያው ግን ወደ መንገዱ ዞሯል። በጸጉር ቤቱ በር ላይ ያለው የምድር ፎቶ አልወረደም፤ በቀይ የተጻፈው ጽሑፍ ብቻ በቢላ ተፍቋል። ቦልቴም እንደ ድሮው ይጠይቃል፣ ያርማል፣ ይሰደባል። ከጊፋታ ወዲህ የተለወጠው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ጣቶቹ የደንበኛው አገጭ ጋ ሲደርሱ ለጥቂት ይዘገያሉ፤ የፈላ ማሰሮ እንደሚነካ ሰው።

ኑሮውን እንድጽፍ ሲፈቅድልኝ ብዙም አልደበቀኝም። የሰገነትን ስድብ ጻፊው ብሏል። የሜላትንም ቃል፣ ቢያመውም፣ እንዳለ አስቀምጪው ብሏል። «አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ» አለ። «ሜዳው ላይ የነበረውን።»

ሜዳው ላይ የነበረው ይህ ነው። በሬው ከተገፈፈ በኋላ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ቦልቴ ሳይጠሩት መጣ። ሰው ሁሉ ቢላውን ይዞ ዞረ። መሐል ገብቶ ቆመ፤ የሥራ ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም። ጋሽ ኤልሳዕ ሊያግዙት «በል፣ ልጄ» አሉ። ቦልቴ ተራራውን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከጨረቃ ይታያል» አለ።

ጌታነህ ከበሬው አጠገብ ቀስ ብሎ ተነሳ። ቢላውን ቅጠል ላይ አስቀመጠ። መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመና፣ ስብ የነካቸውን ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ የቦልቴን አገጭ ያዘ፤ ዓይናቸው እስኪገናኝ ድረስ ቀና አደረገው።

«ይህን ታውቃለህ?» አለው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ያለ ማይክ፣ ሳይንተባተብ። «አይታይም! ልጄ ከምረቃዋ ማግስት ነግራኛለች።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ይልቃል ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ቦልቴ አገጩ በጌታነህ ጣቶች ላይ እንዳረፈ አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም ቆየ። የሚያርመው ነገር አልነበረም።